ስለ ጠፋ የጋራ ላይብረሪ አፈላለግ



ኮምፒዩተር አንድ ነገር ጠፋብኝ ብሎ ሥራውን ሲያቆም አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። የሠራውን ሁሉ ደምስሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንዳንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ነገሩ ይቃናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያው ቃል ተመልሶ ይመጣል። ሰውየውም ጊዜውንና የኢንተርኔት ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ «ይህ ኮምፒዩተር ተበላሽቷል» ብሎ ይነሣል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው ኮምፒዩተሩ አለመበላሸቱን ነው። ይልቁንም የጠፋበትን ነገር በስሙ ጠርቶ እየነገረን ስለ ሆነ፣ ስሙን አንብበን ወደ ትክክለኛው ቦታ ብንሄድ ነገሩ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ጕዳዩ የሚመለከተው ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋና «ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት» የሚባለውን የሥራ ክፍሉን ነው። ኮምፒዩተር የማያውቁ ወላጆቻችንም እንዲከታተሉት ስለምፈልግ በሰፈር ምሳሌ እየረዳሁ እሄዳለሁ። የእንግሊዝኛውን ስም ሁሉ በድምፁ በፊደላችን ጽፌዋለሁ።

ነገሩ ለምን እንዳሳሰበን አስቀድሜ ልናገር። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት፣ በታችኛው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ከዚያም አልፎ አያቶቻችን ተማሪዎች በነበሩበት ጊዜ የታተሙ የዚህ መጽሔት ዕትሞች አሉ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ የታጠፈበት ሁሉ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። በውስጣቸው ግጥም፣ የስፖርት ወሬ፣ የጉዞ ማስታወሻና ስለ ጤና የተጻፈ ምክር ይገኛል። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ የመጨረሻው ገጽ ነው፤ ምክንያቱም የአራዳና የፒያሳ ባለ ሱቆች ለኅትመቱ ገንዘብ እየረዱ ያወጧቸው ማስታወቂያዎች ያሉት እዚያ ነው። ልብስ ሰፊው፣ ፎቶግራፍ አንሺው፣ ወርቅ ሠሪው፣ ኬክ ቤቱ ሁሉ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ወይም ከሲኒማው አጠገብ እያለ አድራሻውን ጽፏል። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሥራ ሲባል በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ስለ ፈረሱ፣ ከእነዚህ አድራሻዎች ውስጥ ዛሬ ሄዶ ማየት የማይቻለው ብዙ ነው። አንድ ተማሪ «ይህ ሱቅ የት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የሚገኘው ወይ ከሽማግሌ አፍ ነው፤ ወይም ከእነዚህ ገጾች ነው። ሽማግሌም ወረቀትም ደግሞ ለዘለዓለም አይቆዩም።

ስለዚህ የኮምፒዩተር ክበባችን የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ ጽሑፉን ኮምፒዩተር እንዲያነበው ለማድረግ ሥራ ጀመረ። ፎቶግራፉ ብቻ ለምን አይበቃም የሚል ይኖር ይሆናል። ፎቶግራፍ ለኮምፒዩተር የነጠብጣብ ክምር ነው፤ «ወርቅ ሠሪ» የሚለው ቃል በየትኛው ገጽ እንዳለ ብንጠይቀው አያውቅም። ፊደሉን ፊደል ብሎ እንዲያውቀው መነበብ አለበት። የእኛ ፊደል ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቍጥር ተሰጥቶት ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቴሰራክት የሚባለው የማንበቢያ ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ በነጻ የተለቀቀ ሲሆን፣ ዛሬ ከሚያነባቸው ብዙ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ገጹ ከመነበቡ በፊት የተጣመመውን የሚያቀናና እድፉን የሚያነጣ ሌላ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ኦፕን-ሲቪ ይባላል። ሁለቱን በፓይተን በጻፍነው አጭር ፕሮግራም አያይዘናቸዋል።

እንግዲህ ወደ ክፍሉ እንግባ። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ የፓይተን ሥራዎች ይሠራሉ፤ አንዱ ሥራ የአንድን ጥቅል አሮጌ ዕትም ሲፈልግ ሌላው አዲሱን ይፈልጋል። ሁሉም በአንድ ቦታ ቢጫኑ ይጋጫሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ክፍል ይሰጠዋል፤ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ማለት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከፓይተን 3.3 ጀምሮ ክፍሉን የሚሠራው መሣሪያ ከፓይተን ጋራ አብሮ ይመጣል። በአራዳ አሮጌ ግቢዎች ውስጥ እንዳሉት የኪራይ ክፍሎች አድርጋችሁ አስቡት። ተከራዩ የራሱ አልጋ፣ የራሱ ሣጥን፣ የራሱ ቍልፍ አለው፤ ጎረቤቱ ምን እንዳስቀመጠ አይመለከተውም። ዳሩ ግን ክፍሉ ራሱን የቻለ ቤት አይደለም። በክፍሉ ውስጥ ያለው ፓይተን እንኳ በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ በግቢው ወዳለው ወደ ዋናው ፓይተን የሚያመለክት ምልክት ብቻ ነው።

ላይብረሪ የሚለው ቃል መጽሐፍ የሚቀመጥበትን ቤት ብቻ የሚመስላችሁ ሰዎች እዚህ ላይ ጥቂት ታገሡኝ። በኮምፒዩተር ሰዎች ቋንቋ ላይብረሪ ማለት አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙ ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት የሥራ ትእዛዝ ስብስብ ነው። ሥዕል በመስኮት ላይ የሚያሳይ አለ፤ ምስጢር የሚቈልፍ አለ፤ ፊደል የሚያነብ አለ። የጋራ ላይብረሪ የተባለው ደግሞ በእያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ ሳይደገም በኮምፒዩተሩ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ሁሉም በሚፈልገው ጊዜ የሚጠራው ነው። ለዚህ ከእድር ዕቃ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በእድሩ ዕቃ ቤት ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ብረት ድስት፣ ብርጭቆውና ሰሃኑ ይቀመጣል። ማንም ቤተሰብ ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ ድንኳን በየቤቱ አይገዛም፤ ቢገዛም ማስቀመጫ የለውም። ሐዘን ሲደርስ ከዕቃ ቤቱ ይወጣል፤ ሲያልቅም ይመለሳል።

ከሰፈራችን ተነሥተው በከተማው ዳር ወዳለ የጋራ መኖሪያ ቤት የሄዱ አንድ ጎረቤታችን ነበሩ። ዕቃቸውን አንድ ሳያስቀሩ በጭነት መኪና ወሰዱ፤ አልጋው፣ ብፌው፣ የቡና ረከቦቱ ሳይቀር ደረሰ። ጥቂት ወራት ቈይቶ ተዝካር ሲደርስባቸው ግን ድንኳን የለም፤ ድስት የለም። ከቤታቸው የጠፋ ዕቃ አልነበረም። ድንኳኑ ድሮውንም የእርሳቸው ሳይሆን የእድሩ ስለ ነበረ በመኪናው ላይ ሊጫን አይችልም ነበር። የፓይተን ክፍል ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲዛወር ወይም በዙሪያው ያለው ኮምፒዩተር ሲለወጥ የሚሆነው እንዲሁ ነው።

«ታዲያ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ለምን አይሄድም?» ያለኝ ጓደኛ ነበር፤ ጥያቄው መልካም ነው። በጋራ ሲሆን አንዱ ቅጂ በዲስክም በማስታወሻም አንድ ጊዜ ብቻ ቦታ ይይዛል፤ ፕሮግራሞቹ አሥር ቢሆኑም። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን ጥገናው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ኦፕን-ኤስ-ኤስ-ኤል በሚባለው የምስጢር መቈለፊያ ላይብረሪ ውስጥ «ሃርትብሊድ» የተባለ ከባድ ጉድለት መገኘቱ ታወቀ። ላይብረሪው በጋራ በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ አንዱን ፋይል በታረመው ለውጦ ፕሮግራሞቹን ዳግመኛ ማስነሣት በቂ ነበር። የየራሳቸውን ቅጂ በሆዳቸው የያዙት ግን አንድ በአንድ እየተፈለጉ መታረም ነበረባቸው። የእድሩ ድንኳን ቢቀደድ አንድ ጊዜ ይሰፋል፤ መቶ ድንኳን ቢኖር ግን መቶ ጊዜ ነው።

አሁን ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። አንድ ፕሮግራም ሲነሣ የሚያስፈልጉትን የጋራ ላይብረሪዎች ስም በውስጡ ጽፎ ይመጣል። በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ሎደር የሚባል ፕሮግራም እነዚህን ስሞች ተቀብሎ ይፈልጋል። የሚፈልገው በዘፈቀደ አይደለም። በፋይሉ ውስጥ ልዩ አድራሻ ተጽፎ እንደ ሆነ እዚያ ያያል፤ ተጠቃሚው ኤል-ዲ-ላይብረሪ-ፓዝ በሚባለው ቃል ያዘዘው ቦታ ካለ እዚያ ያያል፤ ቀጥሎ መዝገቡን ይገልጣል፤ በመጨረሻም የተለመዱትን ሁለት ሦስት ማኅደሮች ይመለከታል። ከዚያ በላይ አይደክምም። ልብ አድርጉልኝ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ የፓይተን ክፍል ስሙ አልተነሣም! ክፍሉን ሥራ ላይ ስናውል የሚለወጠው ትእዛዞች የሚፈለጉበት መንገድ ነው እንጂ ሎደሩ የሚሄድበት መንገድ አይደለም። በክፍሉ ውስጥ ሊብ የሚባል ማኅደር ስላለ ብዙ ሰው የጠፋውን ላይብረሪ አምጥቶ እዚያ ይጥለዋል፤ ሎደሩ ግን ያንን በር አያውቀውም።

ፈልጎ ሲያጣም የሚናገረው ቃል ይህን ይመስላል፦ «ሊብ-ጂ-ኤል ነጥብ ኤስ-ኦ ነጥብ 1፤ የጋራውን ፋይል መክፈት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይልም ሆነ ማኅደር የለም»። ይህን ዐረፍተ ነገር በጥንቃቄ እናንብበው። ፊተኛው ቃል የጠፋው ዕቃ ስም ነው። ሊብ ማለት ላይብረሪ፣ ጂ-ኤል ማለት ሥዕል የሚሣልበት መሣሪያ፣ ኤስ-ኦ ማለት የጋራ ፋይል፣ 1 ማለት ደግሞ የትውልዱ ቍጥር ነው። ከዚህ ጋራ የሚያምታታ ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም «እንዲህ ያለ ሞጁል የለም» የሚለው ነው። ሞጁል ጠፋ ከተባለ ዕቃው የክፍሉ ነው፤ ፒፕ በሚባለው የፓይተን ጫኝ ወደ ክፍሉ ማስገባት ይበቃል። ስሙ በሊብ ጀምሮ በኤስ-ኦና በቍጥር የሚያልቅ ከሆነ ግን ክፍሉን ማመስ ትርፉ ድካም ነው፤ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት መሄድ ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ ነገር ቍልፉ እነዚህን ሁለት ቃላት ለይቶ ማወቅ ነው።

በክበባችን የደረሱት ሁለት ችግሮች በመልካቸው አንድ፣ በመፍትሔያቸው ግን የተለያዩ ስለ ነበሩ በየተራ ልተርካቸው።

የመጀመሪያው የደረሰው በትንሿ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ይህች ኮምፒዩተር ስክሪን የላትም፤ በቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ሌሊቱን ሙሉ ገጽ እንድታነብ ነው የታሰበው። በላይዋ የተጫነው ኡቡንቱ መስኮትና ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚታዘዘው ዓይነት ነው። ክፍሉን ሠርተን፣ ኦፕን-ሲቪን በፒፕ አስገብተን ስናስነሣው ከላይ የጻፍኩት ቃል መጣ። አንድ የክበባችን አባል ክፍሉን ደምስሶ ሁለት ጊዜ እንደ ገና ሠራው። ጥቅሉ ከ50 ሜጋባይት በላይ ስለ ሆነ ፒፕ ያወረደውን ቀድሞ ባያስቀምጥ ኖሮ የክበቡ የኢንተርኔት ገንዘብ በዚያው ያልቅ ነበር። ቃሉ ግን ያው ነበር።

ምክንያቱ ሲመረመር ደስ የሚል ነገር ሆኖ አገኘሁት። በፒፕ የሚመጡ የሊኑክስ ጥቅሎች በየትኛውም ዓይነት ሊኑክስ ላይ እንዲሠሩ የሚያስፈልጓቸውን ላይብረሪዎች አብዛኛውን በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ። የፓይተን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ሜኒሊኑክስ የሚባል ስምምነት አድርገዋል። በዚህ ስምምነት መሠረት በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ አይታጡም ተብለው የተቈጠሩ ጥቂት ላይብረሪዎች በጥቅሉ ውስጥ አይካተቱም። ሊብ-ጂ-ኤል ከእነዚህ አንዱ ነው፤ መስኮት ባለው ኮምፒዩተር ሁሉ ላይ ስለሚገኝ የትም አይጠፋም ተብሎ ታሰበ። የእኛ ትንሽ ኮምፒዩተር ግን ስክሪን እንኳ የላትምና መስኮት የሚሥለውን ላይብረሪ ማን ያስቀምጥላት? ድንኳን በሁሉም እድር አለ ብሎ አስቦ የመጣ እንግዳ ድንኳን የሌለው እድር ገጠመው ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛው የጐደለውን ዕቃ በኡቡንቱ ጫኝ፣ በአፕት፣ ወደ ዕቃ ቤቱ ማስገባት ነው፤ ጥቅሉ ሊብ-ጂ-ኤል-1 ይባላል። በአሮጌ ምክሮች ላይ ሊብ-ጂ-ኤል-1-ሜሳ-ጂ-ኤል-ኤክስ የሚል ረዥም ስም ታገኛላችሁ፤ በኡቡንቱ 24.04 ላይ ግን በዚህ ስም የሚጠራ ጥቅል የለምና አትድከሙ። ሁለተኛው መፍትሔ ዕቃውን ጭራሽ የማይፈልግ ፕሮግራም መምረጥ ነው። ኦፕን-ሲቪ «ሄድለስ» የሚባል ሌላ ዝግጅት አለው፤ ትርጕሙ ራስ የለሽ ማለት ሲሆን፣ መስኮት የመክፈት ሥራ ስለ ተነሣለት ሊብ-ጂ-ኤልን አይጠይቅም። እኛ የመረጥነው ይህን ነው፤ ገጽ ለማቅናት መስኮት አያስፈልግምና። የሚያዘው ጥንቃቄ አንድ ብቻ ነው፦ ሁለቱ ዝግጅቶች በክፍሉ ውስጥ በአንድ ስም ስለሚቀመጡ ፊተኛውን አስቀድሞ ማስወጣት ያሻል።

ሁለተኛው ችግር የደረሰው በትልቁ ኮምፒዩተር ላይ ነው። በክረምቱ ዕረፍት ጊዜ ኡቡንቱው ከ22.04 ወደ 24.04 ታደሰ። በመስከረም ስንመለስ ፕሮግራሙ «ሊብ-ቴሰራክት ነጥብ ኤስ-ኦ ነጥብ 4 የለም» ብሎ ቆመ። ቴሰራክት ግን አለ! በቀጥታ ሲጠራ ያነባል፤ አማርኛም ያውቃል። ታዲያ የጠፋው ምንድን ነው? መልሱ በመጨረሻው ቍጥር ላይ ነው። በ22.04 ላይ ያለው ቴሰራክት አራተኛው ትውልድ ነው፤ በ24.04 ላይ ያለው ደግሞ አምስተኛው ነው። ስለዚህ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለው ቍጥር 5 ሆኖ ሳለ፣ ፓይተንን ከቴሰራክት ጋራ የሚያገናኘው ቴሰር-ኦሲአር የሚባለው ጥቅል ቍጥር 4ን ይጠራል። ይህ ጥቅል ባለፈው ዓመት ከምንጩ እዚሁ ኮምፒዩተር ላይ የተጠናቀረ ስለ ነበረ በዚያን ጊዜ ያገኘውን ቍጥር በሆዱ ጽፎ አስቀምጦታል።

የትውልድ ቍጥር የሚለወጠው በከንቱ አይደለም። የላይብረሪው ሠሪዎች ቍጥሩን ሲለውጡ «የድሮው ክዳን ለዚህ ድስት ላይገጥም ይችላል» ማለታቸው ነው። አንዳንድ ሰው ለቍጥር 5 «ቍጥር 4» የሚል የውሸት ምልክት ለጥፎ ሎደሩን ያታልለዋል። ሎደሩም ስሙን ብቻ ስለሚያይ ይታለላል፤ ፕሮግራሙ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወይ በመካከል ይወድቃል፤ ወይም የተሳሳተ ውጤት እያወጣ ይቀጥላል። መውደቁ ይሻላል። የተሳሳተ ጽሑፍ በአሮጌው መጽሔት ስም ተመዝግቦ ቢቀር ማን ያውቅበታል?

ትክክለኛው መንገድ ያንን አንድ ጥቅል ከአዲሱ ቴሰራክት ጋራ እንደ ገና ማጠናቀር ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ድንጋይ አለ። ፒፕ አንድን ጥቅል ከምንጩ ካጠናቀረ በኋላ ውጤቱን በጓዳው ያስቀምጠዋል፤ ያንኑ ዕትም ሁለተኛ ብትጠይቁት አዲስ አያጠናቅርም፤ የተቀመጠውን ያወጣል። ስለዚህ ክፍሉን ደምስሶ ያንኑ ጥቅል ቢያስገቡም የሚመጣው ያው ቍጥር 4ን የሚጠራው ነው! ፒፕን «ከጓዳህ አታውጣ፤ በግድ እንደ ገና ጫን» ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። ለማጠናቀርም የቴሰራክትና የሌፕቶኒካ የግንባታ ጥቅሎች፣ ስማቸው በዴቭ የሚያልቀው፣ በአፕት አስቀድመው መግባት አለባቸው። እንዲህ ተደርጎ ከቡና ዕረፍት በፊት ፕሮግራሙ ተነሣ።

ሦስተኛ ዓይነት ችግር አለ፤ እርሱንም ያወቅነው ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች ከተዉልን የማስታወሻ ደብተር ነው። ፓይተንን ራሱን ከምንጩ አጠናቅረው በጋራ ላይብረሪነት የጫኑ ሰዎች ክፍሉን ሲከፍቱ «ሊብ-ፓይተን የለም» ይባላሉ። ላይብረሪው ግን ዩ-ኤስ-አር-ሎካል በሚባለው ማኅደር ሥር ተቀምጧል፤ በዐይን ይታያል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አዲስ ድስት ወደ ዕቃ ቤቱ ገብቷል፤ ነገር ግን በመዝገቡ አልተጻፈም። ጠባቂውም መዝገቡን ገልጦ «የለም» ይላል፤ ድስቱ ከጀርባው እያለ! ኤል-ዲ-ኮንፊግ የሚባለው ትእዛዝ ዕቃውን ሁሉ ቈጥሮ መዝገቡን እንደ ገና ይጽፋል። በኡቡንቱ ላይ ይህ ማኅደር ጠባቂው ከሚቈጥራቸው ቦታዎች አንዱ ስለ ሆነ ትእዛዙ ብቻ ይበቃል።

የጠፋው አንድ ብቻ መሆኑን ለማወቅ የሚረዳ መሣሪያም አለ። ኤል-ዲ-ዲ ይባላል። በክፍሉ ውስጥ ያለውን የጥቅሉን ኤስ-ኦ ፋይል ስንሰጠው የሚጠራቸውን ላይብረሪዎች ሁሉ ይዘረዝራል፤ በተገኘው አንጻር አድራሻውን፣ ባልተገኘው አንጻር «አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። የኮምፒዩተሩ የስሕተት ቃል የሚናገረው መጀመሪያ የጠፋውን አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱን ስታመጡ ሁለተኛውን፣ ያንን ስታመጡ ሦስተኛውን ይጠይቃል። ኤል-ዲ-ዲ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያሳያል። ከማይታወቅ ቦታ በመጣ ፋይል ላይ ግን አይሞከርም፤ ፋይሉን ሊያስነሣው ይችላልና።

ኤል-ዲ-ላይብረሪ-ፓዝ ስለሚባለው ቃል አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል፤ ምክንያቱም ምክር የሚሰጥ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው እርሱን ነው። ለጊዜው ለመፈተን ይጠቅማል። በቋሚነት ሲጻፍ ግን ከዚያ መስኮት የሚነሣው ፕሮግራም ሁሉ በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ደኅና ይሠራ የነበረውም ያልጠበቀውን ትውልድ አግኝቶ ሊወድቅ ይችላል። የአንዱን ቤት ጥም ለማርካት የግቢውን ቧንቧ ሁሉ ማዞር ነው። እኔ አልወደውም።

በዊንዶውስና በማክ ኮምፒዩተሮች ላይም ነገሩ በመሠረቱ ይኸው ነው። በዊንዶውስ የጋራ ላይብረሪው ዲ-ኤል-ኤል ሲባል፣ በማክ ላይ ደግሞ ዲ-ዋይ-ሊብ ይባላል። የሎደሩ መንገድና የስሕተቱ ቃል ይለያያሉ፤ እኔ ግን የምሠራው በሊኑክስ ስለ ሆነ ከዚያ አላልፍም።

ከዚህ በኋላ በክበቡ ያወጣነው ደንብ አንድ ነው። የፓይተን ክፍል ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር አይገለበጥም፤ በውስጡ የተጻፉት አድራሻዎች የአሮጌው ቤት ናቸውና። የሚሄደው የዕቃው ዝርዝር ነው፤ በአዲሱ ቦታ ክፍሉ ከዝርዝሩ ይሠራል። ፒፕ የሚያወጣው ዝርዝር ግን የክፍሉን ዕቃ ብቻ እንጂ የእድሩን አይጽፍም። ስለዚህ በዚያው ማኅደር ሌላ ወረቀት አስቀምጠናል። በእርሱም ላይ ይህ ሥራ የሚፈልጋቸው የኡቡንቱ ጥቅሎች፣ የቴሰራክት አማርኛ ጥቅል ጭምር፣ ከኡቡንቱውና ከፓይተኑ የዕትም ቍጥር ጋራ ተጽፈዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን የሚረከቡት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዚያ ይጀምራሉ።

አሁን ትንሿ ኮምፒዩተር ሌሊት ሌሊት ታነባለች። ንባቧ ገና እንከን አለበት። በድሮ ዕትሞች በቃልና በቃል መካከል የሚገባውን ሁለት ነጥብ አንዳንድ ጊዜ ትዘላለች፤ የማተሚያው ፊደል ባለቀበት ቦታ ሰን ከስ ለመለየት ይቸግራታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ አንድ ተማሪ ከፎቶግራፉ ጋራ እያስተያየ ያርማል። የማስታወቂያ ገጾቹን አስቀድመናል። በቁም ሣጥኑ ካሉት ዕትሞች መካከል አንዳንድ ዓመቶች ጐድለዋል፤ ሽፋናቸው ብቻ የቀረም አለ። በቤታችሁ የድሮ ዕትም ያላችሁ ወላጆች በልጆቻችሁ እጅ ብትልኩልን ቅዳሜ ጠዋት ፎቶግራፉን አንሥተን በዚያው ቀን እንመልሳለን።